አባ ግፋ ወደ ኋላ የተነሳ ዕለት

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ዘርፉ ገብረወልድ
ዕድሜ፦ 57
የትውልድ ቦታ፦ ወንጂ
አድራሻ፦ አዳማ ከተማ፣ ዳገቱ ሰፈር፣ ከወፍጮ ቤቱ ከፍ ብሎ
ሥራ፦ ልብስ አጣቢ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት
ቃሉ የተሰጠበት ቋንቋ፦ አማርኛ፣ በምስክሯ ጥያቄ
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ቢኒያም ደረሰ
ጉዳዩ፦ አቶ አምባዬ ወልደሰንበት ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም በጭነት መኪና ምክንያት እግራቸው ስለመሰበሩ
ተጠርጣሪ፦ ጂብሪል ፋሩቅ፣ የመኪናው ሹፌር

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ነው። ቃሌን የምሰጠው ተገድጄ ሳይሆን ተጠርቼ ነው። በሚካኤል ቀን መጠራቴ ግን ይጻፍልኝ ብዬ ተጽፎልኛል። በዚህ ጉዳይ ልናገር ስል ይህ ሦስተኛዬ ነው። በመጀመሪያው ቀን እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ ለትራፊክ ፖሊሱ ተናገርኩ፤ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ እንጂ አልጻፈውም። በማግስቱ እዚህ መጥቼ አግዳሚ ወንበር ላይ ስጠብቅ ከዋልኩ በኋላ "እትዬ፣ ነገ ይመለሱ" ተባልኩ። አሁን ደክሞኛል። ጉልበቴ ደክሟል፣ አፌም ደክሟል። የእኔ አፍ ደከመ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የተማርኩት ከሳሙና ካርቶን ላይ ነው። ስለዚህ ቃሌ ሲነበብልኝ ሰምቼ ብቻ ሳይሆን ራሴም አንብቤ ነው የምፈርመው። ያላልኩት ከተጻፈ አልፈርምም፤ ይህን አስቀድሜ ተናግሬአለሁ።

ጂብሪል ፋሩቅን የማውቀው በጉርብትና ነው። ዝምድና የለንም፣ ጠብም የለንም። የሚነዳው አሮጌ የናፍጣ መኪና ነው፤ አፍንጫው የወጣ፣ ቀለሙ ምን እንደነበር የሚያስታውስ ሰው የጠፋ። የመኪናው የሰፈር ስም አባ ግፋ ነው። ስሙን ያወጡለት ዛሬ ሆስፒታል የተኙት አቶ አምባዬ ራሳቸው ናቸው። አባ ግፋ የተባለው በቁልፍ ተነስቶ ስለማያውቅ ነው። ስለዚህ ጂብሪል ከሥራ ሲገባ ዳገቱ አናት ላይ ወጥቶ ያዞረውና አፍንጫውን ቁልቁል አድርጎ ያቆመዋል፤ ከጎማው ስር ድንጋይ ታኮ ያደርግበታል። ጠዋት ታኮው ይነሳል፣ ሰው ገፋ ያደርገዋል፣ ቁልቁለቱን ሲይዝ ማርሽ ያስገባና ይነሳል። በእኛ ሰፈር "ግፉ!" ሲባል እምቢ የሚል ሰው የለም። ከጂብሪል ጋር የተጣላም ይገፋል፤ ገፍቶ ሲጨርስ ወደ ጠቡ ይመለሳል። ይህን የምናገረው ጊዜ ለማጥፋት አይደለም፤ ኋላ ያስፈልጋል።

ኅዳር 9 ቀን ሰኞ አቶ አምባዬ ወፍጮ ቤታቸውን ሊያሰፉ ብለው ድንጋይ አስመጥተው ዳገቱ አናት ላይ አስገለበጡ። ያ ቦታ መኪናው የሚዞርበት ነው። ጂብሪል ወደ አስራ አንድ ሰዓት ከመተሐራ ሲመጣ መዞሪያ አጣ። መኪናውን እኔ ቤት ፊት ለፊት ዳገቱ መሀል ላይ፣ አፍንጫው ወደ ላይ እንደሆነ አቆመውና ወርዶ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደ። እኔ የደረቀ አንሶላ ከገመድ ላይ እያነሳሁ ስለነበር የተባባሉትን ሰምቻለሁ። ጂብሪል "ጋሽ አምባዬ፣ መኪናዬ የት ይዙርልዎ? በሰማይ?" አለ። አቶ አምባዬ "መኪና ያለው ሰው ቁልፍ አዙሮ ይሄዳል። ያንተ ግን እንደ ሙሽራ ካልታጀበ ከቤት አይወጣም" አሉት። ለማስፈጨት የተሰለፈው ሰው ሳቀ። ጂብሪል የተናደደው ያኔ ነው። አንቱ ማለቱን ትቶ "ይህን ወፍጮህን አንድ ቀን በዚሁ መኪና ነው የምጨፈልቀው" አለ።

ሳጅን ቢኒያም ይህን ሲወራ ነው ወይስ ራሴ የሰማሁት ብሎ ጠይቆኛል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የጂብሪል ሚስት ቀመሪያ ትናንት ቤቴ መጥታ እጄን ይዛ "እትዬ፣ ይቺን አንዲት ቃል ብቻ ይተዉልኝ፣ በአላህ" ብላ ለምናኛለች። እኔ ግን አልተውኩም። ይህችን ከደበቅኩ የቀረውን ማን ያምነኛል? ብቻ በዚያ ዳገት ላይ አጠፋሃለሁ ያልተባለ ሰው ካለ አምጡልኝ። እኔ ራሴ የውሃ ቆጣሪ የሚያነበውን ሰውዬ በመዘፍዘፊያዬ እንደማሰጥመው በየወሩ እነግረዋለሁ። ሰውዬው ዛሬም በሕይወት አለ፤ ዛሬም አብዝቶ ያነብብኛል።

ማክሰኞ ኅዳር 10 ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የአንድ ፔንሲዮን አንሶላዎች አጥቤ ከአጥሬ እስከ ኒሙ ዛፍ በተዘረጋው ገመድ ላይ ሰቀልኩ። ሌላ ጊዜ አባ ግፋ ወጥቶ ሳይሄድ አንሶላ አልሰቅልም፤ የጢስ ማውጫው በስተግራው ስለሆነ አፍንጫውን ቁልቁል አድርጎ ሲያልፍ ወደ እኔ ነው የሚያጨሰው። ያን ቀን ግን ፊቱ ወደ ላይ ነው፤ የጢስ ማውጫው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ቦይ ዞሯል። "ተመስገን፣ ዛሬስ ቦዩን ያጥነው" ብዬ ተደስቼ ነው የሰቀልኩት። ከመኪናው በስተቀኝ ሆኜ፣ እጅግም ሳልርቅ፣ ሁሉን ነገር ያየሁት እዚያው ገመዴ ስር ቆሜ ነው።

ጂብሪል መጥቶ በኦሮምኛ "አካም ቡልታን እትዬ" ብሎ እንዴት አደሩ አለኝ። ወደ ቆቃ ሄዶ ሽንኩርት ሊጭን ነበር። ገብቶ ቁልፍ አዞረ። "ቀጭ" አለ እንጂ ሞተሩ አልዞረም። ወርዶ ከእኔ የፈላ ውሃ ወስዶ የባትሪውን ጫፎች አጠበ፣ ፈገፈገ፣ አጠበቀ። አሁንም "ቀጭ"። መካኒኩን ታጠቅን ጠራው። ታጠቅ ጋራዥ የለውም፤ ጋራዡ ብስክሌቱ ኋላ የታሰረች ሳጥን ናት። ታጠቅ ባትሪ ተውሶ በኬብል አገናኘ። አሁን ሞተሩ ዞረ። ዞረ፣ ዞረ፣ አልተነሳም፤ ጢስም አልወጣም። ታጠቅ "ካላጨሰ ናፍጣ አልደረሰውም" አለ። ጂብሪል "ናፍጣማ አለ፣ ትናንት ነው የሞላሁት" አለ። ታጠቅ "አለ ማለትና ደረሰ ማለት አንድ ነው እንዴ? አንተስ አለህ፣ ቆቃ ደርሰሃል?" አለው። እንጨት ታንኩ ውስጥ ከተው አዩ፤ አለ። የናፍጣ ማጣሪያውን ሲያላሉት የሚወርደው ናፍጣ አረፋ አረፋ ነበር። ከታንኩ የሚመጣው የጎማ ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ አየር ይስባል ማለት ነው። የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጠው ጣሉና በሽቦ አጥብቀው አሰሩት። ከዚያ አንዱ የእጅ ፓምፑን እየመታ፣ አንዱ ቡሎኑን እያላላ፣ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ አየሩን አስወጡት። ይህን ሁሉ የማውቀው መካኒክ ሆኜ አይደለም። "እትዬ ጨርቅ፣ እትዬ ውሃ፣ እትዬ ሳሙና" እያሉ ሥራ አስፈትተውኝ ነው። የሰጠሁት ጨርቅም አልተመለሰልኝም።

የቱቦው ሥራ ሲያልቅ የተውሶው ባትሪ ደግሞ ደከመ። ያው ግፋ ሆነ። ነገር ግን ዳገት ወደ ላይ ገፍቶ የሚያስነሳ ጉልበት ያለው ሰው የለም። ወደ ኋላ እየተንከባለለ ይነሳ ተባለ። ታጠቅ "እንግዲህ የኋላ ማርሽ ነው የምታስገባው፤ እንዳትረሳ" ሲለው ሰምቻለሁ። ጂብሪልም "እሺ" ብሏል።

ከዚያ ጂብሪል በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ግፉ! ታኮ የሚይዝ ሰው!" ብሎ ተጣራ። ሰው ተሰበሰበ። አቶ አምባዬም ዱቄት እንደለበሱ ከወፍጮ ቤታቸው ወጥተው ዳገቱን ወጡ። "ትናንት ልትጨፈልቀኝ፣ ዛሬ ታኮ ያዙልኝ?" አሉት። ጂብሪል "ጋሽ አምባዬ፣ መጀመሪያ ይነሳልኝና ከዚያ እንጣላለን" አለ። አቶ አምባዬ ሳቁ። እሱም ሳቀ። ታኮውን ከሰው እጅ ተቀብለው ከኋላው ጎማ ጎን ቆሙ። ይህ በደንብ ይጻፍልኝ፤ አቶ አምባዬ መኪናው አጠገብ የተገኙት ታኮ ሊይዙ መጥተው ነው እንጂ በራቸው ላይ ቆመው ሳሉ መኪና አልመጣባቸውም።

ፍሬኑ ተለቀቀ። መኪናው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሄደ። ጂብሪል ማርሽ አስገባ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ይህ ልጅ ለዓመታት መኪናውን ሲያስነሳ የኖረው ቁልቁል ወደ ፊት እየተንደረደረ፣ ሁለተኛ ማርሽ እያስገባ ነው። እጁ የለመደው ሁለተኛን ነው፤ እጁ የለመደውን አስገባ። ይህን የማውቀው ጂብሪል ራሱ ከአደጋው በኋላ በተናደው የወፍጮ ቤት ግድግዳ ስር ቁጭ ብሎ ራሱን እየመታ "ሁለተኛ ነው ያስገባሁት፣ ያ ረቢ፣ ሁለተኛ!" ሲል ስለሰማሁት ነው። ያኔ ገና ማንም አልከሰሰውም፣ ማንም አልጠየቀውም።

ወደ ኋላ በሚሄድ መኪና ላይ የፊት ማርሽ ሲገባ ሞተሩ በግድ ወደ ተቃራኒው ይዞራል። ናፍጣው ደግሞ ገና መስተካከሉ ነው፤ ተነሳ። ግን ተገልብጦ ተነሳ። ታጠቅ ኋላ እንደነገረኝ አሮጌ የናፍጣ ሞተር አልፎ አልፎ እንዲህ ያደርጋል፤ በሚተነፍስበት ያጨሳል፣ በሚያጨስበት ይተነፍሳል። እኔ የምመሰክረው ግን ታጠቅ የነገረኝን ሳይሆን ያየሁትን ነው። ያየሁት ይህ ነው። መኪናው ሲነሳ ድምፁ የወትሮው አልነበረም። አባ ግፋ ሲነሳ ያስላል፤ ያን ቀን ግን ያቃስት ነበር። ጂብሪል "አልሐምዱሊላህ!" ብሎ ፍሬን ያዘ። አቶ አምባዬ ታኮውን ከጎማው ኋላ ከተቱ። ሰው አጨበጨበ። በዚያው ጊዜ በእኔ በኩል፣ አፍንጫው ጎን ካለው የአየር ማጣሪያ አፍ ጥቁር ጢስ ከተቃጠለ ዘይት ጋር እየተተፋ አንሶላዎቼን አለበሳቸው። በቦዩ በኩል፣ በጢስ ማውጫው፣ ምንም አልወጣም። "አንሶላዬን! ኧረ በየት በኩል ነው የሚያጨሰው?" ብዬ ጮህኩ። በጭብጨባው የሰማኝ የለም። ቢሰሙኝ ኖሮ የአቶ አምባዬ እግር ዛሬ ደህና ነበር። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው። ሰፈሩን በጩኸቴ የማስቸግር ሴት በዚያች ሰዓት ብቻ ድምፄ አነሰ።

ጂብሪል ዳገቱን ሊወጣ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ነዳጅ ሰጠ። ሞተሩ የሚዞረው በተገላቢጦሽ ነውና አንደኛው ማርሽ ወደ ኋላ ወሰደው። እሱ ግን የተንሸራተተ መሰለው። ዳገት ላይ የተንሸራተተ ሹፌር ምን ያደርጋል? ነዳጅ ይጨምራል። ጨመረ። በጨመረ ቁጥር ወደ ኋላ ፈጠነ። ታኮውን ዘለለው። "ወደ ፊት ነው! ወደ ፊት ነው ያስገባሁት!" እያለ ሲጮህ ሰምቻለሁ። ፍሬኑን የረገጠው ዘግይቶ ነው። አቶ አምባዬ ከመኪናው ሊያመልጡ ወደ ወፍጮ ቤታቸው ሮጡ፤ መኪናው የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ ገጨና ብሎኬቱ እግራቸው ላይ ተናደ። ሞተሩም ያኔ ጠፋ።

የአቶ አምባዬ ባለቤት ወ/ሮ ሸዋወርቅ ከወፍጮ ቤቱ ውስጥ ነበረች። እሷ ያየችው መኪና እያጓራ ወደ ኋላ በባሏ ላይ ሲመጣ ነው። "ሆን ብሎ ነው፣ ትናንት ዝቷል!" ብላ ጮኸች። አልፈርድባትም፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ ነበር የምለው። ነዳጅ መስጠቱም እውነት ነው፣ መዛቱም እውነት ነው። ግን እሷ ያየችው የነገሩን ጅራት ነው፤ እኔ ከራሱ ጀምሬ አይቻለሁ። ወ/ሮ ሸዋወርቅን ዋሸች አላልኩም፤ አለማለቴም ይጻፍ።

መኪናው ግድግዳውን ገጭቶ ሲቆም ማርሹ የት እንደነበር ተጠይቄአለሁ፤ ታጠቅ ዘሎ ገብቶ "አንደኛ ላይ ነው፣ ኑ እዩ!" ሲል ሰምቻለሁ፤ እኔ በዓይኔ አላየሁም። ሰው መኪናውን ለማራቅ ማርሹን ነቅሎ ገፍቶታልና አሁን የሚታይ ነገር የለም። ታጠቅ ደግሞ የጂብሪል ጓደኛ ስለሆነ ቃሉ አይታመንም ሲባል ሰምቻለሁ። እሺ። አንሶላውስ የማን ጓደኛ ነው?

ከጠቆሩት አንሶላዎች አንዱን ሳላጥብ በፌስታል ይዤ መጥቼ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቻለሁ። ጥቁር ነገር አይቼ ሳላጥብ ማደር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። የፔንሲዮኑ ባለቤት ወ/ሮ የምስራች "አንሶላዬን ማስረጃ አደረግሽው? እንግዳዬ በምን ይተኛ፣ በቃለ መሐላ?" ብላ ደጄ ላይ ጮሃብኛለች። ትጩህብኝ፤ ሁሉም ይጩህብኝ፤ ለምጄዋለሁ። ሳጅን ቢኒያም ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ስለሆነ፣ ከተማውም በሙሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ስለሆነ፣ ጥላሸቱ ከዚህ ሊሆን አይችልም ወይ ብሎ ጠይቆኛል። የኅዳር ጢስ ዛሬ ነው፤ አንሶላው የጠቆረው ከትናንት ወዲያ ነው። የኅዳር ጢስ ያስላል፤ ይኸው ሳጅኑ ራሱ እያሳለ ነው የሚጽፈው። ዘይት ግን አይተፋም። አንሶላው ላይ ያለው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው፤ ሳጅኑ በጣቱ ነክቶ፣ አሽትቶ፣ መሆኑን ስላረጋገጠ ይህም ተጽፏል።

መኪናው አሁን ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆሟል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የአየር ማጣሪያው አንድ ሰው አዝኖ ወይ ጠልቶ ሳያጥበው በፊት ይፈታ። ከዚያ አፍ ንጹሕ አየር ብቻ ነው መግባት ያለበት። ውስጡ ጥላሸት ከሞላው ሞተሩ በተገላቢጦሽ ሲዞር ነበር ማለት ነው፤ ሞተሩ በተገላቢጦሽ ከዞረ ልጁ ወደ ፊት ብሎ ነው ወደ ኋላ የሄደው። ሰኞ ፍርድ ቤት ሊያቀርቡት መሆኑን፣ የሚያቀርቡትም ሰው ለመግደል በመሞከር መሆኑን ሰምቻለሁ። አጥፍቷል፤ የማርሽ ጥፋት አጥፍቷል። በዚያ ይጠየቅ። የነፍሰ ገዳይ ስም ግን አይለጠፍበት።

የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው። ትናንት ከዚህ "ነገ ይመለሱ" ተብዬ ስወጣ ብርቱካን ገዝቼ ሆስፒታል ሄድኩ። አቶ አምባዬ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ተኝተው ነበር። ከነቁ ጀምሮ ገና ማንም ቃላቸውን አልተቀበለም። ወ/ሮ ሸዋወርቅ አልጋው ጎን ተቀምጣለች፤ አኩርፋኛለች፣ ግን ወንበር ለቀቀችልኝ። ጥቂት እንደቆየሁ አቶ አምባዬ ዓይናቸውን ገለጡ። "ዘርፉ" አሉኝ። "አቤት ጋሼ" አልኩ። "ተነሳ?" አሉኝ።

ስለ እግራቸው አልጠየቁም፣ ስለ ግድግዳቸውም አልጠየቁም። "አባ ግፋ፣ ተነሳ ወይ?" ብለው ደገሙልኝ። መልሱን ሳልነግራቸው እንቅልፍ መልሶ ወሰዳቸው። ወ/ሮ ሸዋወርቅ ሰምታለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች። እሷንም ጠይቋት። ሊገድለው የመጣበትን መኪና "ተነሳ ወይ" ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ አብሮ ሲገፋ የነበረ ሰው ብቻ ነው። እሳቸው ደህና ነቅተው ሳሉ፣ ምን ማለት እንዳለባቸው የሚያስተምራቸው ዘመድ ሳይመጣ፣ ዛሬውኑ ቃላቸው ይወሰድ።

ከዚህ በላይ የተጻፈው ያየሁትና የሰማሁት ነው፤ ያላየሁትን አላየሁም ብያለሁ። በሐሰት ብመሰክር በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ ገብቶኛል። ቃሌ ተነቦልኛል፣ ራሴም መነጽር ተውሼ አንብቤዋለሁ። አንድ ቦታ ላይ "የኋላ ማርሽ አስገብቶ" ተብሎ የተጻፈውን አሰርዤ "አንደኛ ማርሽ አስገብቶ" ተብሎ ታርሞልኛል፤ ከስርዙ አጠገብም ፈርሜአለሁ። በጣት አሻራ ይፈርሙ ተብዬ እምቢ ብዬ በስሜ ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ዘርፉ ገብረወልድ

የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ቢኒያም ደረሰ

ከምስክሯ የተረከብነው፦ አንድ ነጭ አንሶላ፣ በአንድ ጎኑ ጥላሸትና ዘይት ያለበት፣ ያልታጠበ።

ማስታወሻ፦ የተሽከርካሪው የአየር ማጣሪያ በምስክሮች ፊት እንዲፈታ ለቴክኒክ ክፍል ተነግሯል። የተጎጂውን ቃል ለመቀበል ዛሬ ከሰዓት ወደ ሆስፒታል እሄዳለሁ። ምስክሯ አብሬ ልሂድ ብላ ጠይቃ አይቻልም ተብላለች፤ በር ላይ እንደምትጠብቅ አስታውቃለች።